ከጅማ ወደ ሮም ማራቶን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ተዘጋጅተው ሮም ላይ፣ በቲቤር ወንዝ ዳር፣ ማራቶን መሮጥ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ከዚህ በታች አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

ለመሮጥ ስመ ጥር አትሌት መሆን አለብኝ?

የለብዎትም። ከፊት የሚፈተለኩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከኋላቸው የሚጎርፈው ሕዝብ መምህር፣ ነጋዴ፣ ሹፌርና ጡረተኛ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ብቻ ነው። ሲካፈል አንድ ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ይደርሳል።

ቀላል ይመስላል። ግን በርትቶ የሚራመድ ሰው አንዱን ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ገደማ ስለሚሄድ፣ በእርምጃ ብቻ ይህ ሰዓት አይገኝም። ቢያንስ ግማሹን መንገድ በሶምሶማ መሄድ ያስፈልጋል። ለውሃ፣ ለሽንትና ለፎቶ የሚቆሙበት ጊዜ ሁሉ ከዚያው ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው።

መንገዱ በየት በየት ያልፋል?

መነሻው ኮሎሲየም አጠገብ፣ የጥንቱ ሮማውያን አደባባዮች ፍርስራሽ መካከል ነው። ዝርዝሩ ከዓመት ዓመት ትንሽ ይለወጣል፤ ሆኖም በቲቤር ግራና ቀኝ መሮጥ፣ ድልድዮችን መሻገር፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ፊት ማለፍና መጨረሻ ላይ በመሀል ከተማው ጠባብ መንገዶች መግባት የተለመደ ነው። አዌቱ ጅማን ሰንጥቆ እንደሚያልፈው ቲቤርም ሮምን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ልዩነቱ ቲቤር ከ1870ው ጎርፍ በኋላ በተሠራ ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳ መካከል መፍሰሱ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር እየሮጡም ውሃውን ሁልጊዜ አያዩትም።

ትልቅ ተራራ የለበትም፤ ግን እንደ ጠረጴዛም የተደላደለ አይደለም። አጫጭር ዳገትና ቁልቁለት ይመላለሱበታል። ወንዙን ተከትሎ ነፋስ ከፊት የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ከሰዎች ጀርባ ተጠግቶ መሮጥ ብልህነት ነው።

ስንት ጊዜ ልዘጋጅ?

አሁን ሳይቸገሩ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጡና በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ከሆነ 18 ሳምንት ይበቃዎታል። ውድድሩ በመጋቢት አንድ እሑድ ላይ ስለሚውል፣ ዝግጅቱ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ይህ ለጅማ ሰው ዕድል ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ የሚቀንስበት፣ ጭቃው የሚደርቅበት ወቅት ነውና። ገና ከዜሮ የሚጀምሩ ከሆነ ግን ክረምቱን በሙሉ መሠረት ይገንቡበት፤ 18 ሳምንቱን ከዚያ በኋላ ይቁጠሩ።

በሳምንት አራት ቀን መሮጥ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፦ ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን ፈጠን ያለ ወይም ዳገት፣ አንድ ቀን ረጅም። ረጅሙን ከ14 ኪሎ ሜትር ይጀምሩና በየሳምንቱ በሁለት ኪሎ ሜትር ያሳድጉት፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ያድርጉ። ትልቁ ሩጫ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ይጠናቀቅ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጉልበት አይጨምርም፣ ድካም ብቻ ያከማቻል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ሰዓት «አልበቃኝም» ብሎ ሌላ 35 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ነው።

ጅማ ውስጥ የት ልሩጥ?

ለዳገት የጅሬንን መንገድ የሚያክል የለም። ከመሀል ከተማ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ጭን ይፈትናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ ለሮም አጫጭር ዳገቶች ከበቂ በላይ ነው። ሲወርዱ ግን አይንደርደሩ፤ ጉልበት የሚያብጠው በቁልቁለቱ ነው። ለፈጣን ሩጫ ስታዲየሙ ርቀቱ የታወቀ ስለሆነ ይመቻል።

ለረጅም ሩጫ ሁለት መንገድ አለ። በአጋሮ መስመር እስከ መልኮ ሄዶ መመለስ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአዲስ አበባ መስመር ወደ ሰርቦ የሚወስደው ደግሞ 30 እና 32 ለሚሞከርበት ሳምንት ይመቻል፤ 16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መዞር ነው። በሁለቱም ላይ መኪና ከፊትዎ እየመጣ እንዲያዩት ግራውን ጠርዝ ይያዙ። ጥዋት ጉም ስለሚበዛ ደማቅ ልብስ ይልበሱ። በቡና ለቀማ ወራት የጭነት መኪናው ይበዛል። ጎህ ሳይቀድ አይውጡ፤ ጅቡም ውሻውም ገና ሰዓታቸው ላይ ናቸው፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ብርሃን ይሆናል። ሐሙስ ቀን በሄርማታ ገበያ በኩል ለመሮጥ ማሰብ ሰውና አህያ መጋፋት ነው።

ጅማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሮም ስደርስ በራሴ ጊዜ እፈጥናለሁ?

በመጠኑ አዎ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሮም ባሕር ወለል አጠገብ ናት ማለት ይቻላል። አየሩ ወፍራም ስለሆነ በተመሳሳይ ትንፋሽ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል መፍጠን ይጠበቃል። ጅማ ላይ 6 ደቂቃ ከ30 ይፈጅ የነበረው ኪሎ ሜትር በ6:15 እና በ6:22 መካከል ሊመጣ ይችላል።

ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሳምባዎ ሲቀልልዎ እግርዎ ያንን ፍጥነት ተለማምዶት አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች «ዛሬ ክንፍ አወጣሁ» ብለው የሮጡ የደጋ ሰዎች 33ኛው ላይ ጭናቸው ድንጋይ ይሆናል። ጥቅሙን ከ30ኛው በኋላ ይውሰዱት፤ መጀመሪያውን በጅማ ፍጥነትዎ ይሂዱ።

የሮም ድንጋይ ንጣፍ ያስቸግራል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከርቀቱ ቀጥሎ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። ሳምፒየትሪኒ የሚባለው ንጣፍ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበ ትንንሽ ኩብ ነው፤ አናቱ ትንሽ ዶም ብሎ በመሀሉ ክፍተት አለው። ሲደርቅ ቁርጭምጭሚት ያዛባል፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መሀል ከተማው ላይ ስለሚበዛም የሚያገኝዎት ከደከሙ በኋላ ነው።

የጅማ ሰው ግን መለማመጃው ደጁ ላይ ነው። በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ለዚሁ ሥራ ይሆናል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ቀን የቀላል ሩጫዎን የመጨረሻ 3 ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን ላይ ይጨርሱ። እርምጃ ያሳጥሩ፣ ተረከዝዎን ሳይሆን መሀል እግርዎን ያሳርፉ፣ ዓይንዎ ከአራት አምስት ሜትር ፊት ይይ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥርስዎን ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም፣ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ደቂቃ። ያስቃል፤ ግን ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል።

ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ? ሳልቫጅ ይሆናል?

ሰፋ ያለ መሠረት ያለው፣ ጎማው የሚይዝ፣ ጣቶችዎ ፊት ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ የሚያገኙበት ጫማ ይምረጡ። በውድድር ላይ የሚታዩት ረጅም ሶል ያላቸው፣ ውስጣቸው የካርቦን ሳህን ያለባቸው ጫማዎች አስፋልት ላይ ያስፈነጥራሉ፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ለለመዳቸው ሰው እንኳ ይወዛወዛሉ። አምስት ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ዋጋቸውን አያወጡም።

ሳልቫጅ ከውጭ አዲስ መስሎ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ካልመለሰ ወይም የጎን መጨማደዱ ከበዛ ይተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጽ አለበት ማለት ነው። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ዝግጅቱ ብቻውን ያን ያህል ስለሚፈጅ ሁለት ጫማ ያስፈልጋል። ለውድድሩ የሚሆነውን ቀደም ብለው ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሮጠው ያላምዱት። ሮም ደርሶ አዲስ ጫማ ገዝቶ መሮጥ ጥፍርን መሰናበት ነው።

እንደ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሬ ብሮጥስ?

አበበ መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት ላይ ሮም ውስጥ በ2:15:16 ሲያሸንፍ በባዶ እግሩ የሮጠው የነበረው ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና ያለ ጫማ መሮጥ ስለለመደ ነው። (መስከረም ያልነው የፈረንጁን ሴፕቴምበር ነው።) ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 አሸንፏል። በ2010 ሲራጅ ገና የተባለው ኢትዮጵያዊ ሯጭ የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ አበበን ለመዘከር ጫማውን ያወለቀው ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ነበር፤ ትክክለኛው ልክ ይሄ ይመስለናል።

ደንብ አይከለክልዎትም፤ ግን ከልጅነትዎ ጀምሮ ያልለመዱት ከሆነ አይሞክሩት። ብዙ ሰው ደግሞ አበበ ያለፈበትን የአክሱም ሐውልት በመንገዱ ላይ ይፈልጋል። ሐውልቱ የቆመው ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። በ2005 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። ቦታውን ማየት ከፈለጉ ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ መውረድ ነው።

ምዝገባው ላይ ስሜን እንዴት ልጻፍ? እንዴትስ ልክፈል?

ፓስፖርቱ ላይ ከፎቶው ሥር ባሉት ሁለት መስመሮች እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳይቀይሩ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ይጽፋል። የደረት ቁጥር የሚሰጠው ፓስፖርት ታይቶ በአካል ስለሆነ፣ ያልተመሳሰለ ስም ሰልፍ ላይ ያስቀራል። የትውልድ ቀን ሲሞሉም የፓስፖርቱን ይገልብጡ፤ ከልደት ካርድ በራስዎ አይቀይሩ።

ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። የተለመደው የብር ኤቲኤም ካርድ በአብዛኛው ውጭ ሀገር ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ባንኮች ለተጓዥ የሚሰጡት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪዛና ቲኬት ያስቀድማል፤ እርስዎ ግን ለቪዛው ምዝገባው ያስፈልግዎታል። ክቡን የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ዘመድዎ ሲከፍሉ የካርዱ ባለቤት ስም የእሳቸው፣ የሯጩ ስም የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ቪዛ ቢከለከሉ ገንዘቡ ይመለስ ወይም ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወር እንደሆነ፣ ከመክፈል በፊት ደንቡን ያንብቡ።

የጤና ምስክር ወረቀት ምን ዓይነት ነው?

ጣሊያን በዚህ ጥብቅ ናት፤ «ጤነኛ ነው» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ አይበቃም። በሀገሪቱ አሠራር ለውድድር የሚሰጠው የስፖርት ሕክምና ምርመራ አጠቃላይ የአካል ምርመራ፣ ሽንት፣ በእረፍትና በጥረት ጊዜ የሚነሳ ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ምት ምርመራ) እና የሳምባ አቅም ልኬት ያካትታል። ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በውድድሩ ቀን ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። ከጣሊያን ውጭ ለሚኖር ተወዳዳሪ የሚጠየቀው ወረቀት ከዓመት ዓመት ሊቀየር ስለሚችል፣ የተመዘገቡበትን ዓመት ደንብ ይከተሉ፤ የአምና ሯጭ የነገረዎትን አይደለም።

ወረቀቱ ባይጠየቅ እንኳ ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎ፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ የሞተ ካለ ምርመራውን ለራስዎ ብለው ያድርጉ። በጥረት የሚነሳው ኢ.ሲ.ጂ. በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ፣ ከመሄድ በፊት በስልክ ይጠይቁ። ለቪዛ አዲስ አበባ ሲወጡ አብሮ መጨረስ ይቻላል።

ቪዛውን መቼ ልጀምር?

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር ነው። ውሳኔው በ15 ቀን ይሰጣል ይባላል፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2024 መደበኛውን ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ለመጋቢት ውድድር ኅዳር ላይ ቀጠሮ ቢይዙ አይቆጭዎትም። አሻራ በአካል ስለሚሰጥ ከጅማ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ መመላለስ አይቀርም። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ፓስፖርቱ በ10 ዓመት ውስጥ የወጣ፣ ከተመለሱ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት።

የማራቶን ምዝገባ ቪዛ አያስገኝም፤ ለምን እንደሚሄዱ ብቻ ነው የሚያስረዳው። የሚመዘነው እንደሚመለሱ ነው። የሥራ ደብዳቤ ከደመወዝና ከፈቃድ ቀን ጋር፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ምስክር፣ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ያዘጋጁ። ሂሳቡ ውስጥ ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከሌለው ገንዘብ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሰዓቱና ቀኑ ግራ ያጋባኛል። እንዴት ልያዘው?

ከሁሉም የሚያሳዝነው በዚህ ምክንያት የሚቀር ሰው ነው። መነሻው «8:30» ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አነጋገር ከጥዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አይደለም። በዚያ ቅጽበት ጅማ ላይ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በክረምታቸው ጣሊያን ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናትና። በማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። የስልክዎ ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት።

ቀኑም እንደዚያው። «ማርች 15» ማለት መጋቢት 6 ነው። መጋቢት 15 ብለው ቲኬት የቆረጡ እንደሆነ ሮም የሚደርሱት ሜዳልያው ከታደለ ከ9 ቀን በኋላ ነው። በረራውን ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ያድርጉት። ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ ከሆነ መገናኛውን በጠባቡ አይቁረጡ፤ የጅማ ጥዋት ጉም በረራ ያዘገያል።

ዝግጅቱ ከሁዳዴና ከረመዳን ጋር ይጋጫል። ምን ይሻላል?

ይጋጫል፤ ሊታለፍም አይገባም። በ2027 (በእኛ 2019) ረመዳን በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ይገባል፣ ሁዳዴ ደግሞ ማርች 8 ማለትም የካቲት 29 ይጀምራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይተካል፤ ሁለቱም በዝግጅቱ ወሳኝ ሳምንታት ላይ ናቸው።

ረመዳን ለሚጾሙ፦ ትላልቆቹን ረጅም ሩጫዎች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያድርጓቸው። በጾሙ ውስጥ የሳምንቱን ኪሎ ሜትር ከአምስት አንድ ያህል ይቀንሱ። ቀላሉን ሩጫ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው የመጨረሻ 45 ደቂቃ ያድርጉ፤ ጨርሰው ወዲያው ውሃና ተምር ያገኛሉ። ፈጣኑንና ረጅሙን ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ መብራት ባለበት ቦታ። ሱሑር በልቶ ወዲያው 25 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚጠጣ የለምና። ውድድሩ ጾሙ ውስጥ ከዋለ ስለ መንገደኛ ፍቃድና ስለ ቀዷ ኡስታዝዎን ቀደም ብለው ያማክሩ።

ሁዳዴ ለሚጾሙ ጣጣው ሰዓቱና ፕሮቲኑ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ሩጫውን ከሰዓት በኋላ፣ ከመብላት ትንሽ ቀደም ብለው ያድርጉት። በኪሎ ክብደትዎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ሽሮ፣ አተር፣ ባቄላና ለውዝ ሲጨመሩ ይሞላል። በጅማ የሚረሳው አንድ ነገር ቡናው ነው፦ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። አቦሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅ።

ቡና ከውድድር በፊት ይፈቀዳል? ጫትስ?

ቡና ይፈቀዳል፤ ካፌይን ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል። የሚጠቅመው መጠን በኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 180። ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ሁለት ሲኒ አቦል ለብዙ ሰው ይበቃል። ሮም ላይ አንድ ኤስፕሬሶ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሆድ ስለሚያላቅቅ በረጅም ሩጫ ቀን ያልሞከሩትን አይጀምሩ።

ጫት ፈጽሞ። በጣሊያን የተከለከለ ዕፅ ስለሆነ በሻንጣ መያዝ ወንጀል ነው፤ «ለራሴ ነው» የሚለው አያድንም። በውስጡ ያለው ካቲን በውድድር ቀን ሽንት ውስጥ ከተወሰነው መጠን በላይ ከተገኘ ደግሞ የዶፒንግ ጥሰት ነው። የዝግጅቱንም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይበላል።

ምን ስንቅ ልያዝ? በሩጫው ላይስ ምን ልብላ?

ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ይወረሳል። በሶ፣ ቆሎና የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በኪሎ ክብደት ከ8 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር) የሚሰጥ ምግብ ይመገቡ፦ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። ጥሬ ሥጋ፣ ድፍን ምስርና በርበሬ የበዛበት ወጥ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳሉ።

እየሮጡ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ያስፈልጋል። ለሯጮች በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን የስኳር ጄል ካላገኙ ማር ይሠራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ገደማ ይይዛል። ጅማ ላይ ሲለማመዱ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው በጥብጠው ይሞክሩት። ከ30 ደቂቃ ጀምረው በየ30 ደቂቃው ይውሰዱ፤ እስኪደክሙ አይጠብቁ። ውሃ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አለ፤ በየጣቢያው ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል። ከጥማት በላይ መጠጣትም ደምን አቅጥኖ ያደናግራል።

ዝናብ ቢዘንብ ወይም ቢበርድስ?

የመጋቢት ጥዋት ሮም ላይ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ እኩለ ቀን ላይ 16 ገደማ ይደርሳል። መነሻው ላይ ረጅም ጊዜ ቆመው ስለሚጠብቁ የሚጣል አሮጌ ሹራብ ወይም ለራስና ለእጅ የተቀደደ ትልቅ ላስቲክ ይልበሱ። ብብት፣ ጭን መሀል፣ ጡት ጫፍና የእግር ጣቶች ላይ ቫዝሊን ይቀቡ፤ እርጥብ ልብስ 30 ኪሎ ሜትር ሲፋተግ ያደማል።

በምን ፍጥነት ልሂድ? ሰዓቴ ከምልክቶቹ ጋር ለምን አይገጥምም?

ከአምስት ስድስት ሳምንት በፊት 21 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅምዎ ይሩጡ፤ ሰዓቱን በሁለት አባዝተው 20 ደቂቃ ይጨምሩ። 2 ሰዓት ከ5 ከሮጡ 4 ሰዓት ከ30 ይመጣል፤ አንዱ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ24 ማለት ነው። 5 ሰዓት ከሆነ 7 ደቂቃ ከ7።

የእጅ ሰዓቱ በረጃጅም ግንቦች መካከል ሳተላይት ይስታል፣ እርስዎም ኩርባዎቹን በውጭ ጠርዝ እየዞሩ ተጨማሪ 300 ወይም 400 ሜትር ይሮጣሉ። ስለዚህ የመንገዱን የኪሎ ሜትር ምልክት ብቻ ይመኑ፤ በየ5 ኪሎ ሜትሩ መድረስ ያለብዎትን ሰዓት በእስክሪብቶ ክንድዎ ላይ ይጻፉት። ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ ወደ ጠርዝ ይውጡ፤ መሀል መንገድ ላይ ድንገት መቆም ከኋላ የሚመጣውን ሰው ይጥላል።

መቼ ነው ማቋረጥ ያለብኝ?

ጡንቻ ማቃጠል፣ የጥፍር ሕመም፣ «ምን አመጣኝ» ማለት ከ30ኛው በኋላ የሁሉም ሰው ነው፤ አንድ ደቂቃ ተራምደው አራት ደቂቃ እየሮጡ ይለፉት። የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ፣ መደናገር፣ ላብ ቆሞ ብርድ ብርድ ማለት፣ እየባሰ የሚሄድና አነካክሶ የሚያስኬድ የአንድ ቦታ ሕመም ግን ያቆማል፤ ወደ ቀይ መስቀል ምልክት ይሂዱ። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጦ መቀጠል በተለይ ኩላሊትን ይጎዳል።

ሰዓት ካለፈብዎ መንገዱ ለመኪና ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ በእግረኛ መንገድ ነው የሚሄዱት። ቁምጣ ኪስዎ ውስጥ 10 ዩሮ፣ የሜትሮ ቲኬት፣ የሆቴሉ አድራሻ በወረቀት ተጽፎና የፓስፖርት ኮፒ በላስቲክ ይጠቅልሉ። ስልክ በዝናብና በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፤ ወረቀቱ ግን ለታክሲ ሾፌር ይታያል።